ሰውነት ሳያጠፋው የቀረ ክኒን፦ የተርፈናዲን የጉዳይ ጥናት

አንዲት የ39 ዓመት ሴት አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ዘንድ ቀረበች። ሁለት ቀን ሆኗታል፤ ራሷን ያዞራታል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ራሷን ትስታለች። ታሪኳ በሕክምና መጽሔት ታትሞ የወጣው በ1990 ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ስሟ አልተጻፈም። የዋጠችው ነገር ግን አንድ በአንድ ተመዝግቧል፤ ቁም ነገሩም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከዐሥር ቀን በፊት ሐኪም ሁለት መድኃኒት አዞላት ነበር። አንዱ ተርፈናዲን የሚባል የአለርጂ ክኒን ነው፤ 60 ሚሊግራም፣ ጠዋትና ማታ። ሌላው ሴፋክሎር የተባለ አንቲባዮቲክ። ከዚያ ውጪ አነስተኛ መጠን ያለው የሆርሞን ክኒን ትወስዳለች። ሳምንት ያህል ምንም አልሆነችም። በስምንተኛው ቀን የብልት ፈንገስ አስቸገራትና ማንንም ሳታማክር ኬቶኮናዞል ጀመረች። 200 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለቴ። ማዞሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ኢሲጂ ተነሣች። የልብ ምት በወረቀት ላይ ሲሣል ሹል ጫፎችና ለስላሳ ጉብታዎች ይታያሉ። ሹሉ የታችኛው የልብ ክፍል ሲኮማተር ነው። ከኋላው የሚከተለው ጉብታ ደግሞ ልብ ለሚቀጥለው ምት ራሱን ሲያዘጋጅ። ከሹሉ መነሻ እስከ ጉብታው መጨረሻ ያለው ጊዜ ኪውቲ ይባላል፤ በልብ ምት ፍጥነት ተስተካክሎ ሲሰላ ሴቶች ላይ ከ460 ሚሊሰከንድ ብዙም ማለፍ የለበትም። የሷ 655 ነበር።

ይህ ቀልድ አይደለም። ኪውቲ እዚያ ድረስ ሲረዝም ልብ ገና ሳይዘጋጅ ሌላ ምት ሊነሣበት ይችላል። ያኔ ሥዕሉ ሥርዓቱን ይለቅና እንደተጠመዘዘ ሪባን ዙሪያውን ይዞራል። ሐኪሞች በፈረንሳይኛ ስሙ ቶርሳድ ደ ፕዋንት ይሉታል። በዚያ ሰዓት ልብ ይንቀጠቀጣል እንጂ ደም አይረጭም። በራሱ ከቆመ ሰውየው ራሱን ስቶ ይነቃል። ካልቆመ ይሞታል። ሴትዮዋ ሆስፒታል ተኝታ በመቆጣጠሪያ ማሽን ስትታይ ይኸው ነገር ልትስት እስክትደርስ ድረስ ያዛት፤ ማሽኑም ቀዳው። ክኒኖቹ ሲቆሙ ልቧ ተረጋጋ።

ዕድለኛ ናት። እቤቷ ብትሞት ኖሮ አስከሬን ምርመራው የሚያሳየው ነገር አልነበረም። የተዛባ የልብ ምት ጠባሳ ትቶ አይሄድም።

ሐኪሞቹ የገረማቸው ከመጠን በላይ አለመውሰዷ ነው። 60 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ልክ ወረቀቱ ላይ እንዳለው። በዚህ መጠን ሚሊዮኖች ይወስዱት ነበር። ከዚያ በፊት ተርፈናዲን ልብ አወከ ሲባል የተሰማው በአብዛኛው ብዙ ክኒን በአንድ ጊዜ የዋጡ ሰዎች ላይ ነው። ታዲያ ልኩን የወሰደች ሴት ብዙ እንደዋጠ ሰው እንዴት ታመመች?

የአንድ ክኒን መንገድ

መልሱን ለማግኘት ክኒኑን ከአፍ ጀምሮ መከተል ግድ ነው።

የተዋጠ ክኒን ጨጓራ ውስጥ ይሟሟል፤ ጨጓራ ግን እምብዛም አይመጥም። ዋናው ሥራ ያለው ትንሹ አንጀት ላይ ነው። ግድግዳው እጥፍ በእጥፍ፣ እጥፉም ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጉጥ ስላለው የመምጠጫው ስፋት ከጨጓራ ጋር አይወዳደርም። መድኃኒቱ ግድግዳውን አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ በቀጥታ ወደ ታመመው ቦታ የሚሄድ ይመስለዋል። አይሄድም። ከአንጀት የሚነሣው ደም ተሰብስቦ በአንድ ወፍራም ሥር መጀመሪያ ጉበት ይገባል። ጉበት የሚያደርገውን አድርጎ የተረፈውን ወደ ልብ ይሰደዋል፤ ልብ ደግሞ ወደ መላ አካል ይረጨዋል።

እንግዲህ በአፍ የገባ ነገር ሁሉ ሁለት ኬላ ማለፍ አለበት ማለት ነው። አንዱ አንጀት ግድግዳው ውስጥ፣ ሁለተኛው ጉበት ላይ። በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ ሁለቱንም ይዘላል። ለደረት ሕመም ምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪንም እንደዚያው ነው፤ እሱ ክኒን ቢዋጥ ጉበት ገና በመጀመሪያው ዙር አብዛኛውን ስለሚጨርሰው ነው ምላስ ሥር ይደረግ የተባለው። «መርፌ ይሻላል፣ ቶሎ ይደርሳል» የሚለው የሠፈር እምነት እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለው። ትንሽ ነው ያልኩት፤ ብዙ ክኒኖች ኬላውን ያለ ችግር ስለሚያልፉ መርፌ ምንም አይጨምርላቸውም።

ሁለቱም ኬላዎች ላይ የሚገኝ አንድ ኢንዛይም አለ፤ ሲዋይፒ 3ኤ4 ይባላል። ተፈጥሮ የሰጠችን ከምግብ ጋር የሚገባውን ባዕድ ነገር እንዲሰባብር ነው። ክኒንና ምግብ ለሱ አንድ ናቸው። ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት መድኃኒቶች ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆኑት በሱ እጅ ያልፋሉ።

ተርፈናዲን ደግሞ ለዚህ ኢንዛይም የተመቸ ነው። በመጀመሪያው ዙር፣ አንጀትና ጉበት ላይ፣ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ጤነኛ ሰው ክኒኑን ውጦ ደሙ ቢመረመር ዋናው ተርፈናዲን የለም ቢባል ይቀላል። ያለው ከሱ የተለወጠው ሌላ ውሕድ ነው። ማስነጠሱን የሚያቆመው፣ ዓይን ማሳከኩን የሚያስታግሰውም ያ የተለወጠው ነው።

እኔን ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የሚደንቀኝ ይኸ ነው። ተርፈናዲን አሜሪካ ውስጥ በ1985 ሴልዴን በሚል ስም ሲወጣ እንቅልፍ የማያስይዝ የመጀመሪያው የአለርጂ ክኒን ተብሎ ነበር። እነ ክሎርፌኒራሚን ውጦ ቀኑን ሙሉ ሲያንቀላፋ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እንግሊዝ አገር ጭራሽ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ነበር። እና ያ ሁሉ ሰው ተርፈናዲን ወስጃለሁ ሲል ደሙ ውስጥ ተርፈናዲን የለም። ፋብሪካው የሸጠው ሌላ፣ ሰውን ያዳነው ሌላ። የክኒኑ ደህንነት የተመሠረተው ሰውነት ፈጥኖ ስለሚያጠፋው ብቻ ነበር፤ ማጥፋቱ የቆመ ዕለት ምን እንደሚሆን ግን አልታወቀም።

ኬላው ሲያዝ

ኬቶኮናዞል የፈንገስ መድኃኒት ነው። ፈንገሱን የሚጎዳው ሽፋኑን የሚሠራበትን ኢንዛይም ይዞ ሥራ በማስፈታት ነው። ችግሩ ያ የፈንገስ ኢንዛይም ከኛው ሲዋይፒ 3ኤ4 ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ መሆኑ ነው። ክኒኑ ደግሞ የፈንገሱን ከሰው ለይቶ አይዝም። የኛንም አጥብቆ ይይዛል።

ሴትዮዋ ጠዋት ተርፈናዲኗን ስትውጥ የሚያስቀረው አልነበረም። አንጀት ላይ አለፈ፣ ጉበት ላይ አለፈ፣ ልቧ ጋ ደረሰ። ማታም ሌላው ተከተለ። ሐኪሞቹ ደሟን ሲመረምሩ ዋናው ተርፈናዲን በብዛት ተገኘ፤ የተለወጠው ከሱ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነበር። ለኔ ከ655ቱም በላይ የሚናገረው ይህ ውጤት ነው። ልቧ ምን እንደደረሰበት ኢሲጂው አሳየ፤ ከየት እንደመጣ የነገረን ግን ደሟ ነው።

ልብ ላይ ምን እንደሚሠራ የታወቀው ትንሽ ቆይቶ ነው። በ1993 ሬይመንድ ዉዝሊና ባልደረቦቻቸው የድመት የልብ ሴሎችን ወስደው ሞከሩት። የልብ ሴል ከምት በኋላ የሚያርፈው ፖታሲየም ወደ ውጪ እንዲወጣ በማድረግ ነው። ያልተለወጠው ተርፈናዲን ይህን መውጫ ይዘጋል፤ ያውም ጥንትም ኪውቲ በማስረዘም ከሚታወቀው፣ ኪኒዲን ከተባለው የልብ መድኃኒት በማያንስ ጉልበት። የተለወጠው ውሕድ ግን አይዘጋም። ከአንድ ክኒን ሁለት ነገር፦ አንዱ ልብን የሚያውክ፣ ሌላው የማይነካ። ሰውየው የትኛው እንደሚደርሰው የሚወስነው ኢንዛይሙ ነው።

በዚያው ዓመት ፒተር ሆኒግ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጉዳዩን በጤነኛ ሰዎች ላይ አጣሩት። ስድስት ፈቃደኞች መጀመሪያ ተርፈናዲን ብቻ ወሰዱ፤ ከዚያ ኬቶኮናዞል ተጨመረላቸው። ሁሉም ደም ውስጥ ዋናው ተርፈናዲን ብቅ አለ፣ ኪውቲያቸውም ረዘመ። ሙከራውን እስከ መጨረሻ የጨረሱት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የአራቱ ኢሲጂ ስላስፈራ ኬቶኮናዞሉ ቀድሞ ቆመ። ስድስቱም ጤነኛ ነበሩ፤ እዚህ ላይ «ሴትዮዋ የተለየ ነገር ይኖርባት ይሆናል» የሚለው ክርክር አበቃለት።

ለምን አምስት ዓመት ሙሉ ሳይነቃበት ቀረ? አንደኛ፣ አዲስ መድኃኒት በሚፈተሽበት ጊዜ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብዙውን ጊዜ እንዳይገባ ይደረጋል። ጥራት ያለው ውጤት ለማግኘት ነው፤ ከገበያ በኋላ ያለው ሰው ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለተኛ፣ አለርጂ ያለበት ሰው ራሱን ቢስት ክኒኑን የሚጠረጥር የለም። «ምግብ አልበላህም ይሆናል» ይባላል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ1992 በጥቁር ሣጥን የታጠረ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አደረገ። ከኬቶኮናዞል ጋር አይወሰድ፣ ከኤሪትሮማይሲን ጋር አይወሰድ፣ ጉበቱ የተጎዳ ሰው አይውሰድ። ኤሪትሮማይሲን ለጉሮሮና ለሳንባ ኢንፌክሽን የሚታዘዘው የታወቀው አንቲባዮቲክ ነው፤ እሱም ያንኑ ኢንዛይም ይይዛል። እስቲ አስቡት፦ ጉንፋንና አለርጂ አብሮ የያዘው ሰው አንድ ቀን ሁለቱንም ከአንድ ፋርማሲ ይዞ ሊወጣ ይችል ነበር። ማስጠንቀቂያው ከተለጠፈ በኋላም እነዚህን አብሮ ማዘዙ ሙሉ በሙሉ አልቆመም።

ጭማቂው

እዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላ ታሪክ አለ፤ ከካናዳ የመጣ። ዴቪድ ቤይሊ ኦንታሪዮ ግዛት ለንደን ከተማ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪ ነበሩ። አልኮል ፌሎዲፒን የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ይነካው እንደሆነ ሊሞክሩ ፈለጉ። ተሳታፊዎቹ አልኮል መጠጣታቸውን እንዳያውቁ ጣዕሙን የሚሸፍን ጭማቂ ያስፈልጋል። ከሞከሯቸው የተሻለው ግሬፕፍሩት የተባለው ብርቱካን መሰል መራራ ፍሬ ሆነ። ውጤቱ ሲመጣ አልኮል ኖረም አልኖረም የመድኃኒቱ መጠን ደም ውስጥ ከተጠበቀው በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጥፋተኛው ማስመሰያው ራሱ ነበር።

በ1991 ይህንኑ ለብቻው አጥንተው አሳተሙ። ፌሎዲፒን በውኃ ሲዋጥ ኬላዎቹን አልፎ ደም የሚደርሰው 15 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። በግሬፕፍሩት ጭማቂ ሲዋጥ በአማካይ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። የብርቱካን ጭማቂ ግን ምንም አላደረገም።

ጭማቂው ውስጥ ያሉት ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውሕዶች የአንጀቱን ኢንዛይም ይዘው አይለቁም፤ ያበላሹታል። የአንጀት ሴል አዲስ እስኪሠራ መጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የተጠጣው ብርጭቆ ነገም ሥራ ላይ ነው። «ጭማቂውን ጠዋት ጠጥቼ ክኒኑን ማታ ብወስድስ?» ለሚል መልሱ አይሆንም ነው። የጉበቱን ኢንዛይም ግን ተራ መጠን ያለው ጭማቂ እምብዛም አይነካውም። በመርፌ የተሰጠ መድኃኒት በጭማቂው የማይለወጠውም ለዚህ ነው፤ የአንጀቱ ኬላ ለብቻው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በደንብ የታወቀው እንዲህ ባለው ማነጻጸር ነው። ተርፈናዲንም ከግሬፕፍሩት ጋር ሲሞከር ደም ውስጥ ብቅ አለ።

መፍትሔው ከመጀመሪያው እዚያው ነበር

መፍትሔ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። የሚያድነው የተለወጠው ውሕድ ከሆነ፣ ለምን እሱን ራሱን ክኒን አናደርገውም? ተደረገ። ስሙ ፌክሶፈናዲን ነው፤ አሌግራ ተብሎ በ1996 ተፈቀደ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «ሳይነስ አለብኝ» ብሎ ፋርማሲ የሚገባ ሰውም ሊሰጠው ይችላል። ሰውነት እምብዛም አይለውጠውም፤ አብዛኛው እንዳለ በሰገራ፣ ትንሹ በሽንት ይወጣል። የልብን የፖታሲየም መውጫ አይዘጋም። ኢንዛይሙ ቢያዝም ባይያዝም ለልብ ሥጋት አይደለም። በ1997 መጀመሪያ ላይ ተቆጣጣሪው «ይህን ያህል የተሻለ ካለ ተርፈናዲን ለምን ይቀራል» ብሎ ከገበያ ለማስወጣት ተንቀሳቀሰ፤ ብዙ ሳይቆይም ወጣ። አስተሚዞል የተባለው ወንድሙና ለጨጓራ ይሰጥ የነበረው ሲሳፕራይድም በተመሳሳይ ምክንያት በ1999 እና በ2000 ተከተሉት። አሁን ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ሲመረመር ኪውቲ ያስረዝም እንደሆነ መፈተሹ የተለመደ ነው።

አንድ አስቂኝ ነገር ልጨምር። ፌክሶፈናዲንም ከጭማቂ ጋር አይስማማም፤ ግን በተቃራኒው። ግሬፕፍሩት፣ ብርቱካንና የፖም ጭማቂ መድኃኒቱን ከአንጀት ወደ ደም የሚያሻግረውን ፕሮቲን ስለሚያደናቅፉ የሚገባው ያንሳል። ልብ አይጎዳም፣ ማስነጠሱ ነው የማይቆመው። በውኃ ዋጡት።

እኛ ጋ

ተርፈናዲን ጠፋ። ሴትዮዋን ለዚያ የዳረጋት ልማድ ግን እኛ ጋ ሞልቷል። የተረፈ ክኒን «ይኑር፣ ይጠቅማል» ተብሎ ቁምሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ለጎረቤት ይሰጣል። ፋርማሲ ላይ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲባል መልሱ «ኧረ የለም» ነው፤ የወሊድ መከላከያ፣ የፈንገስ ክኒን፣ ሐበሻ መድኃኒት ከመድኃኒት አይቆጠሩማ። በርግጥ ኬቶኮናዞል በክኒን መልኩ ከ2013 ወዲህ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በጉበት ጉዳት ሰበብ በእጅጉ ተገድቧል። ቅባቱና ሻምፖው ደም ውስጥ የሚገባው እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ይህ ሥጋት የለበትም።

ለኛ አገር ይበልጥ የሚቀርቡት ሁለት ሌሎች ናቸው። አንዱ ሪቶናቪር ነው። በሁለተኛ ደረጃ የኤችአይቪ ሕክምና ውስጥ ከሎፒናቪር ወይም ከአታዛናቪር ጋር በትንሽ መጠን የሚገባው ሆን ተብሎ ነው፤ ሲዋይፒ 3ኤ4ን ይዞ ዋናው መድኃኒት ደም ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋል። ሴትዮዋን ሊገድላት የነበረው ዘዴ እዚህ በልክና በቁጥጥር ሰው ያድናል። ነገር ግን ይህን የሚወስድ ሰው ራሱን ስላመመው ብቻ ለማይግሬን የሚሸጠውን ኤርጎታሚን ቢጨምርበት፣ ኤርጎታሚኑ የሚያጠፋው አጥቶ የእጅና የእግር ደም ሥር እስከ መዝጋት ይደርሳል። ጣት የተቆረጠበት ሰው አለ።

ሁለተኛው ሪፋምፒሲን ነው፣ የቲቢው። እሱ ደግሞ ኢንዛይሙን አይዝም፤ ሰውነት አብዝቶ እንዲሠራው ያደርጋል። ኬላው ይጠነክራል፣ ሌላው መድኃኒት ሳይሠራ ይጠፋል። የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ሙሉ ሪፋምፒሲን አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ የወሊድ መከላከያ ክኒንም ሆነ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ላይ መተማመን አይቻልም፤ የመዳብ ሉፕ ግን አይነካም። ዶሉተግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ 50 ሚሊግራሙ በቀን አንዴ መሆኑ ይቀርና ሁለቴ ይሆንለታል። የቲቢው ክኒን ባለቀ ማግስትም ወደ ድሮው አይመለስም። የበዛው ኢንዛይም እስኪቀንስ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ሁለተኛው ዶሉተግራቪርም እስከዚያ ይቀጥላል።